የዳማ ጠፍር

ባለፈው ሐምሌ እናቴን ለመጠየቅ ልጄን ይዤ አሰላ ስገባ ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ የቆሙት ባለባጃጆች የእናቴን ሰፈር ስጠራላቸው አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዛ ጭቃ ውስጥ ማን ይገባል፣ እናት! ጋሪ ፈልጊ» አለኝ አንዱ። ፈልጌ አገኘሁ። ልጄን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ስቀመጥ ባለጋሪው፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ናቸው፣ ዞር ብለው አዩኝና «ኧረ ልጅቷ ትተንፍስ!» ብለው ሳቁብኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ሽታው ያዘኝ። የረጠበ ጠፍር ሽታ፣ ከፈረስ ላብና ከጭቃ ጋር። ከወዲያ በኩል ደግሞ ነፋሱ የብቅል ፋብሪካውን የእህል ሽታ ያመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ መዳፌ ውስጥ አንድ እርጥብ ነገር የተቀመጠ መሰለኝ። መዳፌን ገልጬ አየሁት፤ ባዶ ነበር።

ወንድሜ ገመቹ አሁን በሕይወት የለም። እንዴት እንደሄደ አልጽፍም። የምጽፈው አንድ ክረምት ነው፤ እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ አንድ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ይህን ግን ሳልጽፈው እንዳይቀር እፈራለሁ።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ መልኩም ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ነጭ አለችው። ገመቹ አይናገርም ነበር። ጎረቤቶቻችን ምክንያቱን ያውቁታል፤ አባቴ በኦሮምኛ፣ እናቴ በአማርኛ ስለሚያናግሩት ልጁ የቱን እንደሚይዝ ቸግሮት ነው ይላሉ። እኔም አምናቸው ነበር። ቋንቋዎቹ ጉሮሮው ላይ ተገናኝተው እንደ ሁለት ጋሪ ጠባብ መንገድ ላይ የተፋጠጡ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ወደ ኋላ ቢልለት ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ በኦሮምኛ ብቻ አናግሬው አውቃለሁ።

ችግሩ ግን አለመናገሩ ብቻ አልነበረም። ራሱን ይመታ ነበር። ግንባሩን ከጭቃው ግድግዳ ጋር ያላትማል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ከበሩ በስተግራ፣ በእሱ ቁመት ልክ ግድግዳው ጎድጉዶ ነበር። እናቴ በየሳምንቱ ጭቃና ጭድ አቡክታ ትለስነዋለች፤ እሱ በየሳምንቱ ይጎደጉደዋል። የሰፈር ልጆች «ነጋሪት» ይሉታል። «ነጋሪቱ ተመታ! አዋጅ አለ!» እያሉ በአጥራችን ቀዳዳ ያያሉ። እኔ ድንጋይ እወረውርባቸዋለሁ፤ አንዱንም መትቼ አላውቅም።

እሱን መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። እናቴ ልብስ ለማጠብ ሰው ቤት ትሄዳለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገመቹን ትሰጠኝና እንደማታገኘው ሰው ግንባሩን ስማው ትወጣለች።

ሰኔ ላይ አጎቴ ቱሉ መጡ። የአባቴ ታላቅ ናቸው፤ ከጭላሎ ሥር ያርሳሉ። ቦራ የሚባል፣ ሰው የማያስጠጋ ፈረስ አላቸው። የገመቹን ግንባር አይተው ለአባቴ እንዲህ አሉት፦ «ስጠኝ። እኛ ዘንድ ሜዳ ነው፤ ግድግዳ የለ፣ ምን የለ።»

«ገደሉስ? ወንዙስ?» አለች እናቴ።

«ወገቡን በገመድ አስረዋለሁ። ረጅም ገመድ ነው፣ እስከፈለገበት ይሄዳል።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ሲሉ የገመቹን ጫማ ክር እያሰሩለት ነበር። የመለሰችው ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየችው ነርስ ናት፤ ሲስተር ብርሃኔ እንላታለን። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ብርድ የማትችል ልጅ ነበረች፤ በሐምሌ ሁለት ሹራብ ትደርባለች።

«አጎቴ፣ እስከ መስቀል ይታገሱኝ» አለቻቸው። «ልሞክር።»

«ምኑን ትሞክሪዋለሽ? መርፌ አለሽ?»

«መርፌ የለኝም። ሥልጠና ላይ ያየሁት ነገር አለ።»

አጎቴ ተስማሙ። መስቀል አልፎ ራሱን መምታት ካልተወ ሊወስዱት፣ ከተወ ሊቀር። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ መስቀልን መፍራት ጀመርኩ። ያን ልጅ ሁሉ የሚናፍቀውን በዓል።

ሲስተር ብርሃኔ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ምንም አለማድረግ ነው። ከሥራ ስትመለስ በርጩማ አውጥታ ደጃፏ ላይ ትቀመጥና ገመቹን እያየች ደብተር ላይ ትጽፋለች። ዱብ ሲል ሰዓቷን አይታ ትጽፋለች። ልትከሰን መሰለኝ። ለእናቴ «ቀበሌ ልትወስደው ነው የምትጽፈው» አልኳት፤ እናቴም ደንግጣ በማግስቱ አንድ ሣህን ቆሎ ላከችላት። ሲስተር ቆሎውን በላች፤ መጻፏን ግን አልተወችም።

በአራተኛው ቀን እናቴን ጠራቻት። «እትዬ ዘነበች፣ ራሱን ሲመታ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፤ አንስተን ዳማ ጋ እንወስደዋለን። ዳማን ሲነካ ይተዋል።»

«ሳይመታስ ወስዳችሁት ታውቃላችሁ?»

እናቴ ነጠላዋን ጎትታ አፏ ላይ ያዘች። እኔም ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ሳይመታ የወሰድነው አንድም ቀን አላገኘሁም።

«እሱ እኮ እየተናገረ ነው» አለች ሲስተር። «በግንባሩ ነው የሚናገረው። ሌላ መናገሪያ እንስጠው።»

ዳማ በዚያ ወር ትከሻው ገጣባ አውጥቶ ሥራ አልወጣም፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይውላል። አባቴ ከአሮጌ የጋሪ ጠፍር የአንድ ስንዝር ያህል ቆረጠ። ሲስተር ከገመቹ ጀርባ ቆመች፤ እኔን ከፊቱ አቆመችኝ። ገመቹ ወደ ዳማ ሲንጠራራ እጁን ከኋላ ይዛ፣ በእሱው እጅ፣ ጠፍሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «አሁን 'ዳማ!' በይና ውሰጂው፤ ፈጥነሽ፣ እንደ እሳት!» ወሰድኩት። መለስነው። እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ማታ እንጀራዬ ሁሉ ጠፍር ጠፍር ይል ነበር።

«ሲመታስ?» አልኳት።

«ሲመታ ዳማ ጋ አትውሰጂው። ግንባሩ እንዳይጎዳ እጅሽን ግድግዳው ላይ አድርጊለት። ከዚያ ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቂ። ሰው ሁልጊዜ ትንፋሽ ይወስዳል። ያኔ ጠፍሩን እጁ ላይ አድርገሽ መዳፍሽን ዘርጊለት።»

አንድ ቀን ምስር እየለቀምኩ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምስሩ መሐል፣ መዳፌ ውስጥ፣ አንድ ቀዝቃዛና ምራቅ የነካው ነገር ተቀመጠ። ቀና ስል ገመቹ ቆሟል። ዓይኔን አላየም፤ መዳፌን ነበር የሚያየው። ከኋላው ሲስተር አልነበረችም፤ ማንም አልነበረም። ምስሩን ከነሠፌዱ ደፋሁትና ተሸክሜው በዝናቡ ሮጥኩ። ዳማ እርጥብ አፍንጫውን ጆሮው ላይ አደረገለት። ገመቹ ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! ጠፍሩን ለእናቴ ይሰጣል፣ ለአባቴ ይሰጣል፣ ለወተት አምጪዋ ይሰጣል። አባቴ ለጓደኞቹ «ዳማን እኔ ነኝ አሞታል ብዬ ያሳረፍኩት፤ ደንበኛው ግን ከጠዋት እስከ ማታ አልለቀቀውም» እያለ ያስቃቸዋል። ግድግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጎደጉድ ደረቀ። እናቴ እያለፈች በእጇ ትዳስሰዋለች።

ገጣባው ሲሽር ግን ዳማ ሥራ መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ሲስተር መጠበቅ አስተማረችው። ጠፍሩን ሲሰጠኝ «እሺ፣ ቆይ» እለውና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፍለታለሁ፤ አምስተኛው ሲታጠፍ እንሄዳለን። በኋላ አሥር ጣት። በኋላ አሥር ጣት ሁለት ጊዜ። «በትንሽ በትንሹ ነው» ትለኛለች። «ካስቸኮልሽው የድሮው ያገረሽበታል።» ዳማ በሌለ ጊዜ ጣቶቹን አጥፈን በር ላይ ወጥተን እንቆማለን፤ ለምሳ ሲመጣ ቃጭሉን ከሩቅ ይሰማል። ያን ክረምት ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው እነዚያን ጣቶች ነው። ትንሿ ጣቱ ስትታጠፍ ብቻዋን አትታጠፍም፤ ጎረቤቷን ይዛ ነው።

መስከረም ሲጠባ የሲስተር እናት ታመሙና ፈቃድ ጠይቃ አገሯ ሄደች። ከመሄዷ በፊት አቅፋኝ «ጠፍሩ ከእጁ አይራቅ፤ አደራ» አለችኝ።

አደራውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ገመቹ ጠፍሩን ያኝከው ነበር። ጫፉ ሳስቶ እንደ ክር ሆነ፤ መሐሉም ተሰነጠቀ። እኔ ደግሞ ነገር ያልቃል ብዬ የምፈራ ልጅ ነበርኩ፤ እርሳሴ እንዳያልቅ ቀለል አድርጌ ስለምጽፍ መምህራችን ማንበብ አልችልም ብለው ይቆጡኛል። የገመቹ ንግግር ጠፍሩ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። በተጠቀመበት ቁጥር ይቀንሳል። አጎቴ የሚመጡት ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ነው፤ እሁድ ከመድረሱ በፊት ቢያልቅስ? በሐሙስ ጠዋት፣ ተኝቶ ሳለ፣ ከእጁ ሥር አወጣሁና የገብስ ጆንያው ውስጥ ቀበርኩት። ለእሁድ አስቀመጥኩለት። በጣም ብልህ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ፈለገ። አልጋ ሥር፣ ዳማ የሚቆምበት፣ አመድ ውስጥ። ከዚያ ሌላ ነገር ማምጣት ጀመረ። ለእናቴ ማንኪያ ሰጣት። «ማንኪያ ምን ላድርገው፣ የኔ ጌታ?» ብላ መለሰችለት። ካልሲ አመጣ። የተሰበረ የጆግ እጀታ አመጣ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣና ምንም ያልያዘ እጁን መዳፌ ውስጥ አስቀመጠው። አወቅሁ። በሚገባ አወቅሁ። ግን «ቆይ፣ እሁድ» አልኩት፤ ጣቶቹንም አጠፍኩለት። አሥሩም ታጠፉ። ቆመን ቀረን።

አርብ ቀትር ሲቃረብ ዱብ አለ።

እናቴ የያዘችውን ጥላ ሮጠች። አንስታው በር ላይ ወጣች፤ ዳማ ለምሳ እየገባ ነበርና ወሰደችው። ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ እንደገና፤ አሁንም አንስታ ሮጠች። ድሮ ከነበረውም ባሰ። የጎረቤታችን ድምፅ በአጥሩ ላይ መጣ፦ «ውይ ዘነበች፣ አገረሸበት?» በሽታው አጎቴ እንደሚመጡ ሰምቶ የመጣ መሰለኝ። ጠፍሩን ላውጣለት ብዬ ጆንያው ጋ ሄድኩ፤ ደግሞ ዛሬ ካወጣሁት ለእሁድ ምን ይቀራል አልኩ። ተመለስኩ።

አጎቴ ግን እሁድን አልጠበቁም፤ ገበያ ስለነበራቸው ቅዳሜ መጡ። እኔ ቦኖ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነበር። ስመለስ ቦራ በራችን ላይ ታስሯል፤ የግድግዳውም ድምፅ ከመንገድ ይሰማል፤ ዱብ፣ ዱብ። ጀሪካኑን መንገድ ላይ ተውኩት።

እናቴ የገመቹን ልብስ ፌስታል ውስጥ እየከተተች፣ እያወጣች፣ እንደገና እየከተተች ነው። አባቴ ሥራ ላይ ነው። አጎቴ አዲስ የቃጫ ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው ገመቹ አጠገብ ተንበርክከዋል። ግንባሩ ደምቷል። «ለጥጃ የማላደርገውን ለወንድሜ ልጅ አላደርግም፤ አይጠብቅበትም» ይላሉ፤ ለማን እንደሚሉ አላውቅም።

ጆንያው ላይ ተወረወርኩ። እጄን እስከ ብብቴ አስገባሁ፤ ገብሱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

«ምን ሆነሻል አንቺ!» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የደበቅሁት!» ጠፍሩን አውጥቼ አሳየኋት። «እንዳያልቅ ብዬ ነው። ለእሁድ ብዬ ነው!»

ሮጬ ገመቹ ጋ ደረስኩ። እጄን ግድግዳው ላይ አደረግሁ፤ ግንባሩ የእጄን ጀርባ መታው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያማል። አጎቴ ሊያነሱት እጃቸውን ሲሰዱ «ተዉት! ትንፋሽ ይውሰድ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አጎቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ትንፋሽ ወሰደ። ጠፍሩን እጁ ላይ አደረግሁለትና መዳፌን ዘረጋሁ። አሸተተው። ጣለውና እንደገና መታ። አነሳሁት። ጠበቅሁ። ትንፋሽ ወሰደ። እጁ ላይ አደረግሁለት። ያዘው፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ዳማ!» አልኩ፣ ወዲያውም አቃተኝ። ዳማ የለም። ገበያ ላይ ነው። አሁንም ባዶ እጅ ልሰጠው ነው።

ጠፍሩን ወደ አጎቴ ዘረጋሁት። «አጎቴ፣ ፈረስዎን ይስጡን።»

«ቦራ ይራገጣል፣ ልጄ።»

«ጠይቆ ካጣ ነው የሚመታው። አሁን ጠየቀ። አሁን ነው!»

አጎቴ የታኘከችውን የጠፍር ቁራጭ አዩ፤ ገመቹን አዩ። ከዚያ ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ አኖሩና ልጁን አነሱት። በር ላይ የቦራን ልጓም በአንድ እጃቸው አጥብቀው ይዘው፣ በጆሮው በኦሮምኛ ቀስ ብለው እያወሩት፣ ገመቹን ወደ አንገቱ አስጠጉ። ቦራ ጆሮውን አጥፎ ነበር፤ አቀናው። ገመቹ የደማ ግንባሩን የፈረሱ አንገት ላይ አሳረፈ። ካፊያ ጀመረ። ማንም ወደ ቤት እንግባ አላለም።

ብዙ ከቆዩ በኋላ ገመቹ ጠፍሩን ከእጄ ወስዶ የአጎቴ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠው።

«አሁንም?» አሉ አጎቴ ወደ እኔ ዞረው።

«አሁንም» አልኳቸው።

«ፈረሱ ላይ እያለ ፈረስ ይለምነኛል!» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ጉንጫቸው ላይ የነበረው ካፊያ ብቻ አልነበረም። «እሺ። ኮቱ ገመቹ፣ ኮቱ፤ ና ልጄ» ብለው ኮርቻው ላይ አወጡት።

ሲመሽ ብቻቸውን ሄዱ። ገመዱን እናቴ ስትሰጣቸው «ልብስ አስጪበት» አሉና ቦራን ኮለኮሉት።

እናቴ አልገረፈችኝም። አባቴ ሲመጣ ሁሉን ሰማና ወደ ጋሪው ወሰደኝ። ከመቀመጫው ሥር አንድ ጥቅል አሮጌ ጠፍር አወጣ፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። «ይሄ ሁሉ ጠፍር እያለ አንቺ ያለቀብን መሰለሽ?» አለኝ። ሦስት ቆርጦ አንዱን ለገመቹ ሰጠው፣ አንዱን በሩ ላይ፣ አንዱን ምድጃው አጠገብ ሰቀለው።

ሲስተር ብርሃኔ ስትመለስ እየፈራሁ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ገና ደጋግሞ ሊያገረሽበት እንደሚችል፣ ያኔ ሳንደነግጥ ምን ጠይቆ እንዳጣ እንድንፈልግ ነገረችን። እውነትም ገብስ ሲታጨድ አንድ ጊዜ መጣበት፣ ኅዳር ላይ ሌላ ጊዜ። እናቴ ሁለቱንም ጊዜ አልሮጠችም፤ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆመች። ታኅሣሥ ላይ ሲስተር ተዛውራ ሄደች። ገመቹ ሻንጣዋ ላይ ጠፍሩን አስቀምጦላት ነበር፤ ወስዳዋለች።

ጋሪው ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ከሐሳቤ ነቃሁ። ልጄ የጋሪውን ጣውላ በጫማዋ እየደበደበች ነው። ለካ ስትጠራኝ ኖራለች። «እማዬ፣ እማዬ እኮ አልኩሽ! ስንቴ ልጥራሽ?»

«ምን ፈለግሽ?»

ጣቷን ወደ ፊት ቀሰረች። ባለጋሪው አጠገብ፣ ልጓሙ የሚያዝበት ቦታ መቀመጥ ነው የፈለገችው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልፈቅድም። ትወድቃለች፣ ጎማው አለ፣ የፈረሱ እግር አለ። ቆይ ልል አፌን ከፈትኩ።

የእናቴ ቤት ከሩቅ ይታያል። ግቢው ውስጥ ከግድግዳው እስከ ባሕር ዛፉ የተዘረጋ የቃጫ ገመድ አለ፤ በዝናብ ጠቁሯል፣ አንድ ነጠላ ተሰጥቶበታል።

«ጣቶችሽን ስጪኝ» አልኳት። አምስቱን አንድ በአንድ አጠፍኩላት። ትንሿ ስትታጠፍ ጎረቤቷን ይዛ ነው።

ከዚያ ባለጋሪውን «አባ፣ ይያዙልኝ» ብዬ ለቀቅኋት።